ጥንቸሏን ከጭልፊት የሚያድናት ጣራ ነው

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ። ነጯ ጥንቸላችን ከሦስት ልጆቿ ጋር ግቢው መሀል ባለችው ቁራጭ ሣር ላይ ናት። ልጆቹ ሦስት ሳምንታቸው ነው። ከጎጇቸው ብቅ ማለት የጀመሩት በዚያው ሰሞን ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ቡና እጠጣለሁ። ከእኔ እስከ እነሱ ቢበዛ ስምንት እርምጃ ነው። አንድ ጥላ ሲሚንቶውን አቋርጦ ሲያልፍ አየሁ። ቀና ስል ጭልፊቱ ወደ ላይ እየወጣ ነው። መሬት እንኳ አልነካም። አንዷን ልጅ በእግሩ ጨብጧታል። ሲኒው ገና እጄ ላይ ነበር።

ጩኸቴን ሰምተው ጎረቤታችን እማማ ከአጥሩ ማዶ ጠየቁኝ።

«ምን ወሰደብህ ልጄ? ጫጩት ነው?»

«አይ እማማ፣ የጥንቸል ልጅ ነች።»

«እሱ ምኑን ለይቶት! ታች የሚንቀሳቀስ ትንሽ ነገር ካየ ለሱ ሁሉም ጫጩት ነው። እኛ ጫጩት በቅርጫት ከድነን ነው ያሳደግነው። አንተ ሜዳ ላይ በተንካቸው?»

ያኔ ትንሽ ከፋኝ። አሁን ግን ነገሩን ሁሉ በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሰውት እንደነበር ይገባኛል። ወፉ ጥንቸል ፈልጎ አልመጣም። መፍትሔውም ወፉን ማባረር ሳይሆን መክደን ነው። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት፣ ያጠፋሁት ገንዘብና ያበላሸሁት ሽቦ ሁሉ ወደዚያው ነው የመለሰኝ።

ጥንቸል በኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ የምትገዛው ለልጆች ደስታ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ከማይበሉት እንስሳት ስለሚቆጥራት በኦርቶዶክሱ ቤት ለድስት የሚያስባት የለም። ስለዚህ ቤት የላትም፣ በረት የላትም፤ ግቢ ውስጥ ትለቀቃለች፤ ጎመን ይጣልላታል፤ በቃ። «ጥንቸል የዱር እንስሳ ናት፣ ራሷን ታውቃለች» የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከስሙ ነው። አማርኛ ለሁለት የተለያዩ እንስሳት «ጥንቸል» የሚል አንድ ስም ሰጥቷል። በደጋው ሜዳ መኪና ሲመጣ በረጅም እግሯ የምትፈተለከው የዱር ጥንቸል ሜዳ ላይ ነው የምትወልደው። ልጆቿ ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ከፍተው ይወለዳሉ። መከላከያዋ ሩጫና የቆዳዋ መልክ ነው፤ ድርቆሽ መሀል ተኝታ ብትረግጣት እንጂ አታያትም። የቤቷ ጥንቸል ግን ዘሯ ከአውሮፓ ነው። የጥንት ዘመዶቿ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል መሬት ቆፍረው በጉድጓድ የሚኖሩ ናቸው። ልጆቿ ራቁታቸውን፣ ዓይናቸው ሳይከፈት ይወለዳሉ፤ ምክንያቱም ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚወለዱት። ከላይ አደጋ ሲመጣ እሷ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሮጦ ጉድጓድ መግባት። ሲሚንቶ በፈሰሰበት ግቢ ውስጥ ያ ጉድጓድ የለም። በዚያ ላይ የኛዋ ነጭ ናት። አረንጓዴ ሣር ላይ ነጭ ጥንቸል ማለት ከሰማይ ሲታይ የተሰጣ ፎጣ ነው።

አደጋውን ስለማታይ እንዳይመስላችሁ። ዓይኖቿ ግራና ቀኝ፣ ወደ ላይም ከፍ ብለው ነው የተቀመጡት። ዙሪያዋን፣ ከራሷ በላይ ያለውን ጭምር፣ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ታያለች። የማታየው አፍንጫዋ ፊት ያለችውን ትንሽ ቦታ ነው። ለዚህ ነው ካሮት አፏ ሥር ስታደርጉላት በዓይኗ ሳይሆን በማሽተት ፈልጋ የምታገኘው። ጭልፊት ሲያንዣብብ መጀመሪያ ድርቅ ትላለች። ቀጥላ በኋላ እግሯ መሬቱን «ዱም!» ታደርገዋለች፤ ለዘመዶቿ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ መግቢያ ትፈልጋለች። ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው።

ከላይ ያለው ማነው? አዲስ አበባ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው አለ፦ መንቁሩ ቢጫ፣ ጅራቱ መሀሉ ላይ የተሰነጠቀ፣ ሥጋ ቤት አካባቢና ቄራ ሰማይ ላይ ሲዞር የሚውለው ጭልፊት። ክንፉ ሲዘረጋ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ይጠጋል፤ ትልቅ ይመስላል። ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። ያው ላባ ነው። ጅራቱን እንደ መሪ ግራና ቀኝ እያጠማዘዘ በዛፍና በመብራት ገመድ መሀል ይገባል፤ ያገኘውን በእግሩ ነጥቆ ሳያርፍ ይወጣል፤ እየበረረም ይበላል። ከልጅ እጅ ላይ ሥጋ ሲመነትፍ ያየ ሰው ብልሃቱን ያውቀዋል።

ከከተማ ወጣ ስትሉ ሌላ አለ። የመብራት ምሰሶ ላይ ቁጭ ብሎ የሚውል፣ ሆዱ ብዙ ጊዜ ነጭ፣ ጅራቱ ቀላ ያለ ወፈር ያለ ወፍ። ደጋው ላይ የተለመደ ነው። ቀለቡ አይጥ፣ ፍልፈል፣ እባብ ነው፤ ለገበሬው ባለውለታ። ያልደረሰች ጥንቸል ሜዳ ላይ ካገኘ ግን አያልፋትም። ከሱ በላይ ንስር አለ። ቡናማው ንስር እስከ ሦስት ኪሎ ይመዝናል፤ ለሱ ሙሉ ጥንቸል የተለመደ ምግብ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ ደግሞ ከሩሲያና ከመካከለኛው እስያ በኩል እንግዶች ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 መጸው በባብ ኤል መንደብ የባሕር ሰርጥ፣ በጅቡቲ በኩል ተቀምጠው የቆጠሩ ሰዎች በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ከ240,000 በላይ አዳኝ አእዋፍ ከየመን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ መዝግበዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ ንስሮች ነበሩ። እነዚህ ሁሉ በኛ ሰማይ ነው የሚያልፉት፤ ጥቂት የማይባሉትም እዚሁ ይከርማሉ። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ቀና ብሎ ማየት አይከፋም።

ማታ ደግሞ ተራው የጉጉት ነው። የክንፉ ላባ ጠርዝ ለስላሳና እንደ ማበጠሪያ የተተለተለ ስለሆነ ሲበር አይሰማም። ትልቁ ጉጉት ውጭ ያደረች ጥንቸል ካገኘ ጠዋት የምታገኙት ፀጉር ብቻ ሊሆን ይችላል። ጥንብ አንሳን ግን ተዉት። እሱ የሞተ ነው የሚጠብቀው፤ ግቢያችሁ በላይ ቢዞርም ጥንቸላችሁን ሊነጥቅ አይደለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። «የኔ ጥንቸል ሦስት ኪሎ ናት፤ ጭልፊት አያነሳትም» ይላሉ። እውነት ነው፣ አያነሳትም። አዳኝ ወፍ ከራሱ ክብደት ያነሰ ነገር ነው ይዞ የሚበረው። ግን ለመጉዳት ማንሳት አያስፈልገውም። ንስር ያደነው ከከበደው እዚያው ቁጭ ብሎ ነው የሚበላው። ጭልፊትም ቢሆን ሞክሮ ሲያቅተው ጥፍሩን ተክሎባት ነው የሚሄደው። በዚያ ላይ የጥንቸል አጥንት ቀላል ነው፤ የኋላ እግሯ ጡንቻ ግን ብርቱ ነው። ተይዛ በኃይል ስትፈራገጥ የራሷን ወገብ ልትሰብር ትችላለች። ምንም ቁስል ሳይኖርባት በድንጋጤ ብቻ የምትሞትም አለች። ጭልፊቱ ስቶ ሄደ፣ ጥንቸሏ ግን ሞታ ተገኘች ሲባል ብትሰሙ አይግረማችሁ።

ሌላ ነገር። ጥንቸል በጠፋ ቁጥር ጭልፊትን መክሰስም ልክ አይደለም። ጥንቸሏ የጠፋችው ሌሊት ከሆነ ጭልፊቱ ተኝቶ ነበር። ሽቦው ተቀዶ፣ ብዙዎቹ ተነክሰው ሳይበሉ ከቀሩ ውሻ ነው። በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ አንገት ላይ የነከሰ ሸለምጥማጥ ሊሆን ይችላል። ገና ያልቆሙ ልጆች ከጎጇቸው አንድ በአንድ ካለቁ ደግሞ አይጥና ድመትን ጠርጥሩ። ቀን፣ ሜዳ ላይ፣ የተነጨ ፀጉር በአንድ ቦታ ክብ ሠርቶ ተበትኖ ከተገኘ፣ አዎ፣ ያኔ ወፍ ነው።

ወደ ጣራው እንሂድ። ጭልፊት ለመንጠቅ የሚያስፈልገው መውረጃና መውጫ መንገድ ነው። አንድ ትልቅ የV ቅርጽ አስቡ፤ በአንዱ ጎን ተንሸራቶ ይወርዳል፣ በሌላው ይወጣል። ጣራ ያንን መንገድ ይዘጋል። ሌላ ምንም ረቂቅ ነገር የለውም።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት አንድ ሜትር ከፍታ ያለው የሽቦ ሣጥን ነበር። ርካሽ ነበር። ግን ለማጽዳት ተንበርክኬ መግባት ነበረብኝ፤ ወገቤ ተቀጣ። ሁለተኛው ላይ ወደ ብየዳ ቤት ሄጄ ሁለት በሦስት ሜትር የሆነ፣ ሰው ቆሞ የሚገባበት መዋያ በቱቦላሬ አሠራሁ። በያጁ «ለጥንቸል ነው?» ብሎ ሲስቅ ነበር። ይሳቅ።

ሽቦው ላይ ትንሽ ላውራ፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው ባለ ስድስት ማዕዘኑ፣ ቀጭኑ የዶሮ ሽቦ ነው። እሱ ዶሮ እንዳትወጣ ያደርጋል እንጂ ውሻ እንዳይገባ አያደርግም፤ በጥርሱ ይቀደዋል። ለጎኖቹ መጋጠሚያው የተበየደ፣ ቀዳዳው አራት ማዕዘን የሆነ ጠንካራ ሽቦ ግዙ። ቀዳዳው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ለድመትና ለውሻ ይበቃል፤ አይጥ ካስቸገራችሁ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ይሁን። ከላይ ግን ቀጭኑ የዶሮ ሽቦም ይሠራል። ጭልፊት ሽቦ አይቀድም። ዋናው ነገር መወጠሩ ነው። የላላ መረብ መሀሉ ይረግባል፤ ወፉ ሲያርፍበት ይበልጥ ይወርዳል፤ ጥፍሩም ይይዘዋል። ከዚያ የተጠላለፈ ጭልፊት ከላይ፣ ያበደች ጥንቸል ከታች። ስለዚህ በየአንድ ሜትሩ ደጋፊ ብረት ይኑረው፤ በማሰሪያ ሽቦ በደንብ ይታሰር። በክረምት በረዶ ሲጥል መረቡ ላይ እንደሚጠራቀምም አትርሱ። የኔ የመጀመሪያው በአንድ ከሰዓት በረዶ ነው የተበጠሰው።

ሌላው ጎኑ ነው። ጥንቸል ሽቦ ተደግፋ መተኛት ትወዳለች። ውጭ ያለ ጥፍር ደግሞ በሽቦው ቀዳዳ ይገባል፤ የድመትም፣ የወፍም። ከታች አርባ ሳንቲ ሜትር ያህል በጣውላ ወይም በላሜራ ሸፍኑት። መሬቱ ላይ ደግሞ ከግድግዳው ወደ ውጭ አርባ ሳንቲ ሜትር የሚሆን ሽቦ አንጥፋችሁ ድንጋይ ጫኑበት። ውሻ ከውጭ እየቆፈረ ይመጣል፣ ጥንቸሏ ከውስጥ እየቆፈረች ትሄዳለች። መሀል ላይ እንዳይገናኙ ነው።

ጣራ ብቻውን ግን ሥጋዋን እንጂ ልቧን አይጠብቅም። ጭልፊቱ ሽቦው ላይ ቁጭ ብሎ ቁልቁል ሲያፈጥባት ሽቦ መሀል መኖሩ ለሷ ምን ይጠቅማታል? ስለዚህ የጣራውን ግማሽ የማያሳይ አድርጉት፤ ሸራም ይሁን ሰሌን። ቆርቆሮ ካደረጋችሁ ከሥሩ ጣውላ ወይም ሣር አስገቡ። ጥንቸል ሙቀት አትችልም። ከ28 ዲግሪ በላይ ሲሆን መቸገር ትጀምራለች፤ ቆርቆሮ ሥር ደግሞ በበጋ ከዚያ በላይ በቀላሉ ይሄዳል። አዳማና ድሬዳዋ ላላችሁ ይህ ከጭልፊቱ በላይ ገዳይ ነው።

ከሥር ደግሞ ጉድጓድ ስጧት። የተሰበረ የፍሳሽ ቱቦ ቁራጭ፣ ሰፋ ያለው ዓይነት፣ ግሩም ነው። የእንጨት ሣጥንም ይሆናል፤ ግን ሁለት በር ይኑረው። በአንዱ በር አይጥ ወይም ሌላኛዋ ጥንቸል ቢመጣባት በሌላው ትወጣለች። አንድ በር ብቻ ያለው ሣጥን ውስጥ መግባት የማይወዱ አሉ፤ አይፈረድባቸውም። መሸሸጊያው ከምትበላበት ቦታ በሦስትና አራት ዝላይ የሚደረስ ይሁን። ማታ ወለሉ ድፍን፣ በሩ መቀርቀሪያ ያለው ቤት ውስጥ ታድር።

«እኔ አብሬያት እየዋልኩ ሣር ላይ ብለቃትስ?» ስምንት እርምጃ ላይ እንደነበርኩ አስታውሱ። ሰው መኖሩ ንስርን ያስፈራል፤ የከተማ ጭልፊትን ግን አያስፈራም። እሱ ኑሮው ከሰው ጋር ነው። ለትልቋ ጥንቸል አጠገቧ ከሆናችሁ፣ መግቢያም ካላት፣ ብዙም ክፋት የለውም። ለልጆቹ ግን አይሆንም።

ስለ ማስፈራሪያ ብዙ ተጠይቄያለሁ። የተንጠለጠለ ሲዲ፣ የፕላስቲክ ጉጉት፣ የሚንሿሿ ላስቲክ። ሁሉም ይሠራሉ፤ ለጥቂት ቀን። የማይንቀሳቀስ ጉጉት ጉጉት እንዳልሆነ ጭልፊት ለማወቅ ሳምንት አይፈጅበትም። የኛ ሲዲዎች ላይ እርግብ ስታርፍ አይቼ አወረድኳቸው። ክር በቅርብ በቅርቡ ወዲህና ወዲያ መወጠር ከነሱ ይሻላል፣ መውረጃውን ስለሚያውክ፤ ግን ሙሉ ጣራ አይተካም። ገበሬው ማሽላ ሲጠብቅ ማስፈራሪያ ብቻ አቁሞ አይተኛም፤ ልጅ ወንጭፍ ይዞ ማማ ላይ ይወጣል። እናንተ ቀኑን ሙሉ ማማ ላይ የሚውል ልጅ የላችሁም።

አንድ የምወደው ጠባቂ ግን አለ። አውራ ዶሮ። ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣና በመሬት ለሚመጣ አደጋ የተለያየ ድምፅ ነው ያላት። ውሻ ሲመጣ «ቃ ቃ ቃ ቃ» ነው። ጭልፊት ሲያይ ግን አውራው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ በአንድ ዓይኑ ሰማይ እያየ አንድ ቀጭን፣ ረጅም ጩኸት ይለቃል። የእማማ አውራ ዶሮ ያንን ሲያሰማ የኛዋ ጥንቸል ቱቦው ውስጥ ናት። ማን እንዳስተማራት አላውቅም። ዶሮና ጥንቸል አንድ ቤት ውስጥ አታኑሩ እንጂ፣ በሽታ ይጋባሉ፤ ጉርብትናው ግን ጥሩ ነው።

ወፉን ግደሉት የሚል ምክር ከሰማችሁ እንቢ በሉ። በአገራችን የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን ክልክል ነው፤ ወፍም ያው የዱር እንስሳ ነው። መርዝ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የተመረዘ ሥጋ የሚበላው ጭልፊቱ ብቻ አይደለም፤ የጎረቤት ውሻም፣ ጥንብ አንሳውም ነው። አንዱን ብትገድሉ ደግሞ ነገ ሌላ ይመጣል፤ ሥጋ ቤቱ እዚያው ነው።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ለምትኖሩ ወገኖች ነገሩ ትንሽ ይለያል። የእናንተ ሰማይ ላይ ያለው ጅራተ ቀዩ ጭልፊት ከኛው ይከብዳል፤ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ይደርሳል፤ የዱር ጥንቸልም የዘወትር ምግቡ ነው። ማታ ደግሞ ቀንድ የመሰለ ላባ ያለው ትልቁ ጉጉት አለ። እዚያ ጓሮ ውስጥ ትልቅ ጥንቸልም ብትሆን ያለ ጣራ መልቀቅ አይመከርም። ወፎቹን መጉዳት ደግሞ በፌዴራል ሕግ ያስቀጣል።

ጥፍር ያረፈባት ጥንቸል ካለቻችሁስ? መጀመሪያ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጨለም ያለ፣ ጸጥ ያለ ቦታ በካርቶን ውስጥ አስቀምጧት። ልጆቹ ተሰብስበው አይዳብሷት። ትንሽ ከተረጋጋች በኋላ ፀጉሯን በጣት እየገለጣችሁ ጀርባዋንና ጎኗን እዩ። የጥፍር ቀዳዳ መርፌ የወጋው ያህል ነው፤ ደምም ላይኖረው ይችላል። ላዩ ቶሎ ይገጥምና ውስጡ ይመግላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው በግማሽ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣችሁ እጠቡት። የተፈጨ ቡና አትነስንሱበት፤ ቆሻሻውን ውስጡ ከመዝጋት በቀር አይጠቅማትም። በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያት።

ቤት ውስጥ የተረፈ አሞክሳሲሊን ካለ ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ይቆይ። በአፍ የሚሰጥ አሞክሳሲሊን፣ አምፒሲሊንና የመሳሰሉት ለሰው መድኃኒት ናቸው፤ ለጥንቸል ግን አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጨርሰው ሊገድሏት ይችላሉ። ከቁስሉ ተርፋ በመድኃኒቱ ትሞታለች። ለጥንቸል የሚሆን ሌላ ዓይነት አለ፤ ሐኪሙ ያውቀዋል።

ከዚያ ሆዷን ተከታተሉ። የጥንቸል አንጀት ሥራ ማቆም የለበትም። አልፋልፋ፣ ድርቆሽና ውኃ አጠገቧ አድርጉ። ግማሽ ቀን ሙሉ ካልበላች፣ ወይም እነዚያ ክብ ክብ ፍግ መውደቃቸውን ካቆሙ፣ ቁስሉ ቢደርቅም እንኳ መልሳችሁ ወደ ሐኪሙ ውሰዷት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።